ከደብረ ብርሃን ወደ ፌዴራል ዳኝነት፦ መንገዱና ኑሮው

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። የወንድሜ ልጅ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ «የፌዴራል ዳኛ ሳልሆን አላርፍም» ትላለች። ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ምኞቷ ደስ ቢያሰኘኝም፣ የሹመቱን መንገድም ሆነ ከሹመቱ በኋላ ያለውን ኑሮ አላውቅም። በሙያው ያለፋችሁ ብትመክሩን እግዜር ይስጥልን።

መልስ (ጡረታ የወጣሁ የክልል ዳኛ)
ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት ዕጩዎችን የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመርጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርቧቸዋል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማቸዋል። የሥራ ልምድም ስለሚጠየቅ አትቸኩል። ከተሾመች በኋላ ግን፣ በአንቀጽ 79 እንደተደነገገው፣ ጉባኤው በሕግ በተወሰነ ምክንያት ካልወሰነና ምክር ቤቱ ካላጸደቀው በቀር ጡረታዋ ሳይደርስ አትነሣም።

ኑሮውን ከራሴ ልንገርዎት። የምስክር ቃል የምመዘግበው በእጄ ነበር፤ ምስክሩ ሲፈጥን «ቆይ፣ ቀስ በል» እያልኩ ስጽፍ ውዬ፣ ማታ እንጀራ ስቆርስ ጣቶቼ አልታዘዝ ይሉኝ ነበር። ለፋሲካ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባትም ትቻለሁ፤ ከተካፋዮቹ አንዱ ነገ ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ሆኖ ፊቴ ሊቆም ይችላልና። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች፤ እኔ ግን ትክክል እንደነበርኩ አምናለሁ።

መልስ (ጠበቃ)
ጋሼ ካሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እኛ ዘንድ ባይኖርም፣ ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በውክልና ስለሰጠ፣ የዞናችን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የፌዴራል ጉዳይ ሲቀርብለት በፌዴራል ዳኛ እግር ተተክቶ ይዳኛል፤ ይግባኙም ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ልጅቷ ከቤቷ ሳትርቅ ሥራውን ማየት ትችላለች፤ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነውና ይዘዋት ይታደሙ።

መልስ (ከአንኮበር)
ስለ ድፍረቱም ይነገራት። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የፌዴራል ዳኛ ሳሉ፣ በሙስና ተከሰው ለነበሩት ለቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ለአቶ ስዬ አብርሃ ዋስትና ፈቀዱ፤ ተከሳሹ ግን ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ። ዳኛዋ በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብተው ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። የዚያን ዕለት በእጃቸው የነበረው ሕጉና ብዕሩ ብቻ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ሰው መሸነፉን ሳይሆን ሳይሰማ መሸነፉን ስለማይችል ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ ፍርድ ስትጽፍ የተሸነፈው ወገን አንብቦ ምክንያቱን እንዲያውቀው አድርጋ ትጻፍ።

ጠያቂው
ሁሉንም አነበብኩላት። ቅርጫው ላይ ስንደርስ ዝም አለች፤ ቆይታ «እኔም እተወዋለሁ» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ችሎት አብረን እንገባለን።