ባንዱ ይበተን ወይስ በፍላሽ እንቀጥል?

ቤዝ ተጫዋቹ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። አምስት ሆነን አንድ የምሽት ቤት ውስጥ ለዓመታት ስንሠራ ቆይተናል። ሰሞኑን ባለቤቱ ጠርቶን "ድምጻዊውና ኪቦርዱ ይበቁኛል" አለን። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሂሳቡን አስልቶ ነው። ኪቦርዲስታችን ድራሙንም ቤዙንም ቀድሞ ሞልቶ በፍላሽ ይዞ ይመጣል።

አንድ ምሽት ሄጄ ጥግ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ቤዙ የኔው ነው! ልምምድ ላይ ያወጣሁትን መስመር አንድም ሳያስቀር ሞልቶታል። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል አንዱ ተነስቶ "ይደገም!" አለ። ድምጻዊው ሊደግመው አፉን ሲከፍት ፍላሹ ወደሚቀጥለው ዘፈን ገባ። ሳቅ ብሎ ተከተለው። ሕዝቡም ጭፈራውን ቀጠለ። ያበሸቀኝ ይሄ ነው፣ ማንም ቅር አላለውም።

እና ምን ይሻለኛል? እኔም ላፕቶፕ ይዤ ብቻዬን ልውጣ? ያለፋችሁበት ካላችሁ ምከሩኝ።

የድሮ ሳክስ፦
ልጄ፣ ይሄ ጣጣ ባንተ አልተጀመረም። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ጊዜ ሲኒማ ቤቶች ሙዚቀኛ ቀጥረው ያስጫውቱ ነበር። ትልቁ ቤት ኦርኬስትራ፣ ትንሹ አንድ ፒያኖ። የማያቋርጥ እንጀራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1927 በኋላ ድምፅ ያለው ፊልም ሲስፋፋ አሜሪካ ውስጥ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች በጥቂት ዓመታት ከሥራ ወጡ።

እኔ ግን ልነግርህ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማህበርን የሚመራው ጄምስ ፔትሪሎ የሚባል ኃይለኛ ሰው ነበር። በኦገስት 1942 አባላቱ ሸክላ እንዳይቀርጹ አዘዘ። በጁክቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ በሚያጫውተው ማሽን) እና በሬዲዮ የሚዞረው ሸክላ የቀረጸውን ሰው ራሱን ሥራ አሳጣው ባይ ነው። ከሸክላ ኩባንያዎቹ ዴካ በዓመቱ ተስማማ። ኮሎምቢያና ቪክተር ግን እስከ 1944 መጨረሻ ግግም አሉ። በስተመጨረሻ ከሚሸጡት ሸክላ ላይ ለማህበሩ ፈንድ ሊከፍሉ ፈረሙ። በዚያ ገንዘብ ሙዚቀኞች እየተከፈላቸው ለሕዝብ በነጻ ይጫወቱ ነበር። አየህ፣ ሸክላውን አላስቆሙትም። አስከፈሉት እንጂ።

አድማው ግን መዘዝም ነበረው። ዘፋኞቹን እገዳው አይነካቸውም። ኩባንያዎቹ ባንድ ሲያጡ ዘፋኙን ድምፃቸውን ብቻ ከሚያሰሙ አጃቢዎች ጋር ቀረጹት። አድማው ሲያልቅ ዘፋኙ ኮከብ ሆኗል፣ ባንዱ ከኋላ ቀርቷል። በዚያ ላይ በ1944 ዘፈንና ዳንስ ያለባቸው ቤቶች ሂሳብ ላይ 30 ከመቶ ግብር ተጣለ። ወዲያው ወደ 20 ቢወርድም ብዙ ቤት ዳንሱን ተወው። ስለዚህ "ሕዝቡ ላይቭ ጠላ" ሲሉህ ቶሎ አትመን።

ኪቦርዲስት ነኝ (የሱ አይደለሁም)፦
እኔን ደግሞ ሌባ አታስመስሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማህበር የለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረው መሣሪያ) ይከልከል ብሎ ነበር። በዓመቱ ሚዲ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ማገናኛ መጣና አንድ ሰው ብዙ መሣሪያ ማዘዝ ቻለ። ጨዋታው አለቀ።

ብቻዬን ስሠራ የአምስቱን ሰው ክፍያ የምወስድ ይመስላችኋል? ከድሮ ድርሻዬ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። የቀረው ከባለቤቱ ኪስ አይወጣም። ስፒከር የምሸከመው እኔ፣ ገመድ የምጠቀልለው እኔ። ድራመሩ ሲስት ዞር ብዬ የምስቅበት ሰው እንኳን የለኝም። ወንድሜ፣ ላፕቶፕ ይዘህ ብቻህን ከወጣህ ይሄ ነው የሚጠብቅህ።

ስቱዲዮ የማይጠፋው፦
ቀረጻ ላይ የተጫወትከው ካለ እሱን አጣራ። ስፖቲፋይ (ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያስደምጠው) ገንዘቡን የሚያስገባው ለቀረጻውና ለድርሰቱ ባለመብቶች ነው። በቁርጥ ክፍያ ገብቶ የተጫወተ ቤዚስት ውሉ ላይ ካልተጻፈለት ከዚያ ሳንቲም አያይም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ በዓመት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ቀረጻው አይከፈልበትም።

ሬዲዮ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961ዱ የሮም ስምምነት ጀምሮ ብዙ አገሮች በተዛማጅ መብት (ከደራሲው ሌላ ለተጫዋቹና ለቀራጩ በሚሰጠው መብት) ለተጫዋቹም ድርሻ ይሰጣሉ። አሜሪካ እንኳን ለመደበኛው ሬዲዮ ይህን አልተቀበለችም። ያለህበት አገር እንዴት እንደሆነ እይ፣ ስምህም የቀረጻው መረጃ ውስጥ መግባቱን አረጋግጥ።

ቤዝ ተጫዋቹ፦
ጋሼ፣ "አስከፈሉት" ያሉት ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ኪቦርዲስታችንን ቡና ጋብዤ ቁጭ አደረግኩት። አርብ አርብ አምስታችንም እንድንወጣ ባለቤቱን አብረን ልናናግር ተስማማን። በቀሩት ቀናት የኔ ቤዝ በፍላሽ የሚገባ ከሆነ ትንሽም ብትሆን ድርሻ ይታሰብልኝ አልኩት። ዝም አለና "ስንት?" አለኝ።

የድሮ ሳክስ፦
ስንት ካለማ ሰውየው ሊከፍል ነው! የድራመሩንም አብረህ አንሳ፣ እሱም ተሞልቷል። ከባለቤቱ ጋር የምትስማሙትን ደግሞ በቃል አትተወው፣ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።