የፍሬዛ ማያያዣ የብሮንዝ ዳዶ፦ ለታፑ ስንት ልተው?

ቶርኖ ላይ የሚታሰር የፍሬዛ ማያያዣ አለኝ። ጠረጴዛውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ዳዶ ጥርሱ ስለተበላ መዘውሩ ሩብ ዙር በባዶ ይዞራል። ዳዶው የሚሄድበት ቡሎን ግን ደህና ነው፤ ጫፉና መሃሉ በማይክሮሜትር ሲለኩ ልዩነታቸው ከ0.03 ሚሜ አይበልጥም። ጥርሱ ትራፔዞይዳል (ጎኖቹ ያዘነበሉ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ) 16 በ4፣ ማለትም የውጭ ዲያሜትሩ 16 ሚሜ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 4 ሚሜ፣ ግራ ዞር ነው።

አዲሱን ዳዶ ከብሮንዝ ነው የምሠራው። ከብረት ቢሠራ ቡሎኑን ይበላዋል፤ ማለቅ ያለበት ደግሞ ዳዶው ነው። ርዝመቱ 40 ሚሜ፣ የውስጥ ቀዳዳው 12 ሚሜ ነው፤ የጥርሱ ጥልቀት 2.25 ሚሜ መድረስ አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ስለቱን የሚይዘው ዘንግ ከ8 ሚሜ ሊወፍር አይችልም፤ ከመያዣው የሚወጣው ደግሞ 45 ሚሜ ነው። እስከ 1.5 ሚሜ ጥልቀት ድረስ በሰላም ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ስለቱ በጫፉም በሁለቱም ጎኑም ስለሚነክስ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፣ የጥርሱ ጎን ይቦጫጨቃል። ጥርሱ 5 ዲግሪ ገደማ ስለሚያዘነብል የስለቱን ጎን በዚያው ልክ ስዬዋለሁ፤ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 60 ዙር አውርጄ በአንድ ጊዜ 0.05 ሚሜ ብቻ አስገብቼም ሞክሬያለሁ። መንቀጥቀጡ አልቀረም።

ከሲልቨር ስቲል (በሙቀት ከሚጠነክር የመሣሪያ ብረት) የግራ ታፕ፣ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ እየዞረ ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ሠርቼ አጠንክሬዋለሁ። በ12 ሚሜ ቀዳዳ በቀጥታ ሲገባ ሙሉውን ጥልቀት ለብቻው ማንሳት ስላለበት ግማሽ ላይ ይነክሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠበብ ባለ ስለት ጥርሱን አውጥቼ በታፑ ልጨርሰው አስቤያለሁ።

ታፑ ሳይነክስ ጎኖቹን አለስልሶ እንዲያልፍ፣ በእያንዳንዱ የጥርስ ጎን ስንት መቶኛ ሚሊሜትር ልተውለት?