ከአለቃ ጋር ስለ ሙያ ዕድገት ስንነጋገር ራሳችንንና ዓላማችንን እንዴት እናቅርብ?

ጥያቄ፦ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ከተመረቅሁ ወዲህ በሊሙ በኩል ቡና እያጠበ ለውጭ ገበያ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት እሠራለሁ። ዘንድሮ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ለብቻው ተቀምጦ ስለ ሙያ ዕድገቱ እንዲነጋገር ተወስኗል፤ የእኔ ተራ የደረሰውም እሸት መልቀም ከመጀመሩ በፊት፣ በመስከረም ነው። ፍላጎቴ ከማጠቢያ ጣቢያው ወደ ቅምሻ ክፍል መዛወር፣ ውሎ አድሮም የጥራት ክፍሉን መምራት ነው። ይሁንና ያደግሁት ሰው ስለ ራሱ ሥራ ማውራቱ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ቤት ነው። ዝም እንዳልል ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የሚውሉት ከተማ ባለው ቢሮ ስለሆነ ጣቢያው ላይ የምሠራውን የሚያዩበት አጋጣሚ እምብዛም የለም። ትዕቢተኛ ሳልመስል ሥራዬንና ዓላማዬን እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ በሰው ኃይል አስተዳደር የሠራ፣ ጅማ

ውድ እህቴ፣ በመጀመሪያ ይህን ውይይት ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ለይተሽ እንድታዪው እመክርሻለሁ። በየመንፈቁ የሚሞላው ምዘና ያለፈውን ሥራ በነጥብ የሚለካ ስለሆነ ሰው ሁሉ ነጥቡን ለማስጠበቅ ይከራከራል፤ የሙያ ዕድገት ውይይት ግን ወደ ፊት የሚያይ ነው። በኖርኩበት ሥራ ደጋግሜ ያየሁት ችግር ሠራተኛው «ዕድገት ይገባኛል» ብሎ ሲጀምር ኃላፊው ወዲያው ስለ ክፍት መደብና ስለ በጀት ማሰብ መጀመሩ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውየው ችሎታ የሚነገር ነገር አይሰማም። የደመወዝ ጥያቄ ቢኖርሽም ለሌላ ቀን አቆይው።

የጅማ ተመራቂ ከሆንሽ ደግሞ መንገዱን ታውቂዋለሽ። በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ወደ ቀበሌ ስትወጡ ችግሩን ለይታችሁ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጣችሁ፣ ዕቅድ አውጥታችሁና የቻላችሁትን ሠርታችሁ፣ ውጤቱን በነዋሪውና በመምህራኑ ፊት ታቀርቡ ነበር። በዚያ አቀራረብ ማንም ተማሪ ትዕቢተኛ አልተባለም፤ የሚነገረው ስለ ችግሩና ስለ መፍትሔው ነበርና። ለሥራ አስኪያጁም ጣቢያው ላይ ያየሽውን ችግር፣ አንቺ ያደረግሽውንና የተገኘውን ለውጥ በዚያው ቅደም ተከተል ንገሪያቸው። ሌሎች የሠሩትን ለሌሎች ስጪ፤ የራስሽን ግን «ሠራን» በሚል አትሸፋፍኚው፤ አለበለዚያ ድርሻሽ የቱ እንደሆነ ሊያውቁት አይችሉም።

መልስ፦ ቡና ቀማሽ

እኔ ከሙያው በኩል ልጨምር። «ቀማሽ መሆን እፈልጋለሁ» ማለት ብቻውን ለኃላፊ ምንም አይነግረውም፤ ይህን የሚለው ብዙ ነው። አንቺ ግን ከሌሎቹ የሚለይሽ ነገር በእጅሽ አለ። በአገራችን የታጠበ ቡና ደረጃ ሲወጣለት ከ100 ነጥብ 40ው የሚሰጠው ለጥሬው፣ 60ው ለቅምሻው ነው፤ ሲኒ ውስጥ የምናገኘው ጉድለት ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው ደግሞ ጣቢያው ላይ ነው። ከመጠን በላይ የተብላላውን፣ ያልበሰለ እሸት የተቀላቀለበትን፣ ቀትር ላይ ሳይሸፈን ማድረቂያ አልጋ ላይ ቀርቶ ገለፈቱ የተሰነጠቀውን እኛ በምላሳችን እንደርስበታለን፤ በየትኛው ቀንና በየትኛው አልጋ እንደተበላሸ የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ።

ስለዚህ መዝገብሽን ይዘሽ ግቢ። አንዱን ዕጣ፣ ማለትም አብሮ ታጥቦ አብሮ የደረቀ ቡና፣ ምረጪና እሸቱ መቼ እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደተብላላ፣ እርጥበቱ ስንት ላይ ሲደርስ ከአልጋ እንደተነሳ፣ በመጨረሻም በቅምሻ ምን ነጥብ እንዳገኘ አሳዪአቸው። አንድ ገጽ ይበቃል። ከዚያም ሥራ አስኪያጁ እዚያው ሊወስኑት የሚችሉትን ጠይቂ፤ ለምሳሌ ማጠቢያው በማይሠራባቸው ወራት በሳምንት ጥቂት ቀናት ቅምሻ ክፍል ገብተሽ ናሙና እየቆላሽና ከቀማሾቹ ጎን እየቀመስሽ እንድትማሪ። ክፍሉን የመምራት ፍላጎትሽን ግን ለጊዜው በሆድሽ ያዢው፤ አሁን የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ሰው ቢሰሙ ሊያስተምሩሽ አይፈልጉ ይሆናል።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ጅማ

ከላይ ስለ መዝገቡ የተነገረው በጣም ትክክል ነው፤ በመጨረሻው ምክር ግን አልስማማም። ሩቅ ዓላማዋን ያልነገረች ሠራተኛ ሥልጠና ሲመጣ ማንም አያስታውሳትም። እኔ በምሠራበት ሙያ በተለይ ሴቶች «ያለሁበት ይበቃኛል» እያልን ለዓመታት በአንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፤ ኃላፊውም ቃላችንን እንዳለ ይቀበለዋል። መነገር ያለበት የሰውን ወንበር በማይነካ መንገድ ነው፤ ኃላፊነቱን ለመሸከም ምን እንደሚጎድልሽ ጠይቂ እንጂ መቼ እንደሚሰጥሽ አትጠይቂ። «ምን ይጎድለኛል?» ብለሽ ከጠየቅሽ በኋላ ደግሞ መልሱ ቢመርርሽም ሳታቋርጪ አዳምጪ። ሲያበቃ የተስማማችሁበትን በጥቂት መስመር ጽፈሽ ላኪላቸው፤ የለቀማው ጥድፊያ ሲጀመር በቃል የተባለው ሁሉ ይረሳልና።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለመጀመር ያሰብሁት እንዲህ ነው፦ «ባለፈው የለቀማ ወቅት ቀትር ላይ ፓርችመንቱ (ገለፈቱ ያልተነሳው ቡና) በሰዓቱ እንዲሸፈን ከአልጋ ሠራተኞቹ ጋር ተራ አወጣሁ፤ የተሰነጠቀው መጠን እንደቀነሰ መዝገቡ ላይ ይታያል። ይህ በጣዕሙ ላይ ያመጣውን ለውጥ ራሴ ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ በክረምት ቅምሻ ክፍል ገብቼ እንድማር እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ወደ ፊት የጥራት ክፍልን መምራት እፈልጋለሁ፤ ለዚያ ምን እንደሚጎድለኝ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

መልስ፦ ቡና ቀማሽ

ሌላው እንዳለ ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ ዓላማሽንም ብትናገሪው አልቃወምም። ውይይቱ መስከረም ላይ ስለሆነ ግን እስከ ክረምት መጠበቅ አያስፈልግሽም፤ የደረቀው ቡና ወደ ከተማ መግባት ሲጀምር ከራስሽ ጣቢያ በሚመጡት ናሙናዎች እንድትጀምሪ ጠይቂ።