የዓለም ታሪክን ከምሁራን አንደበት መማር፦ ሊቃውንቱ ራሳቸው ሳይስማሙ ሲቀሩ አድማጭ ማንን ይመን?

የማታ አድማጭ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከታሪክ ምሁራን ጋር የሚደረጉ ውይይቶችን በፖድካስት መከታተል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ትምህርት ቤት ሳለን የዓለም ታሪክ የነገሥታት ስምና የጦርነት ዓመተ ምሕረት ከመሸምደድ አልፎ ስለማያውቅ፣ ዕድሜውን በአንድ ጉዳይ ላይ የፈጀ ሰው በራሱ አንደበት ሲያብራራ መስማት እጅግ አስደስቶኛል።

ግራ የገባኝ ሰሞኑን ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስያን፣ አውሮፓንና ሰሜን አፍሪካን ስለ መታው ስለ «ጥቁር ሞት» የተደረጉ አራት አምስት ውይይቶችን አከታትዬ ሰማሁ። አንደኛው ምሁር በሽታው ዛሬ የምናውቀው ቸነፈር መሆኑን አጥብቆ ይጠራጠራል፤ ሌላዋ ግን ጉዳዩ ያለቀለት ነው ትላለች። አንዱ ከአውሮፓ ሕዝብ ሲሶው አለቀ ሲል ሌላው ከግማሽ በላይ ያደርሰዋል። ሞንጎሎች በጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን የካፋን ከተማ (የእኛ ከፋ አይደለችም) ከበው የሬሳ ክምር በቅጥሯ ላይ እየወረወሩ በሽታውን አስገቡት የሚለውን ትረካም አንዱ እንደ እርግጠኛ ነገር ሲተርከው፣ ሌላዋ ፈገግ ብላ አለፈችው። ሁሉም ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ሁሉም በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ ጽፈዋል። እንደ እኔ ያለ ሙያው የሌለው አድማጭ የማንን ይዞ የማንን ይተው? በዚህ መንገድ ታሪክ መማርስ ያዋጣል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

የሰነድ ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ የማታ አድማጭ። ማንን ልመን ከማለትዎ በፊት ውይይቶቹ መቼ እንደተቀዱ እንዲያዩ እመክርዎታለሁ (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በሽታው ቸነፈር አልነበረም የሚለው ሐሳብ ተራ ወሬ አልነበረም። በ1984 ግራሃም ትዊግ የተባለ የሥነ እንስሳት ባለሙያ፣ በ2002 ደግሞ የታሪክ ምሁሩ ሳሙኤል ኮን በየመጽሐፋቸው ጠንካራ ጥያቄ አንሥተዋል። ኮን በመካከለኛው ዘመን የተጻፉ ምስክርነቶችን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሕንድ ውስጥ ሐኪሞች ከመዘገቡት ቸነፈር ጋር ሲያስተያይ፣ የጥንቱ እጅግ ፈጣን ሆኖ አገኘው፤ ሰው ከመሞቱ አስቀድሞ ስለሚያልቁት አይጦችም የዘመኑ ጸሐፊዎች የሚናገሩት አልነበረም። ነገሩ የተቆረጠው በ2011 ነው። ለንደን ውስጥ ኢስት ስሚዝፊልድ በተባለው ስፍራ ለ1348 እና ለ1349 ሟቾች ተብሎ የተከፈተ መቃብር አለ፤ ተመራማሪዎች እዚያ ከተቀበሩት ሰዎች ጥርስ ዲኤንኤ አውጥተው የየርሲኒያ ፔስቲስን፣ ማለትም የቸነፈሩን ባክቴሪያ፣ ሙሉ ዘረመል አነበቡ። ስለዚህ የሰሙት ተጠራጣሪ ድምፅ ከ2011 በፊት የተቀዳ ከሆነ፣ ሰውየው በእጁ በነበረው ማስረጃ በሚገባ ተከራክሯል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተናግሮት ከሆነ ግን ጠያቂው ለምን እንዳላፋጠጠው ይገርመኛል። ይህም ሆኖ የኮን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አልሞተም፤ ባክቴሪያው ያው ከሆነ ያን ያህል ፍጥነት ከየት አመጣ? አይጥና የአይጥ ቁንጫ ብቻቸውን ይበቃሉ ወይስ የሰው ቁንጫና ቅማልም አለበት? ይህ ዛሬም ያከራክራል።

የሟቾቹ ቁጥር ሌላ ዓይነት ችግር ነው። በዚያ ዘመን የሕዝብ ቆጠራ አልነበረም። የእንግሊዝ ምሁራን የሚተማመኑባቸው የባላባቶች የመሬት መዝገቦች፣ አንድ ጭሰኛ ሲሞት መሬቱ ለማን እንደተላለፈ ይጽፋሉ፤ ሕፃናትን፣ አብዛኞቹን ሴቶችና መሬት አልባውን ድኻ ግን አያዩም። ስለዚህ መዝገቡ የማያያቸው ሰዎች ከባለ መሬቱ ይልቅ አለቁ ወይስ እኩል ብለን በምንገምተው መጠን ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል። ኖርዌያዊው የታሪክ ምሁር ኦሌ ቤኔዲክቶ 60 በመቶ ድረስ የወሰደው በዚህ መንገድ ነው። በ2022 ደግሞ ከ19 የአውሮፓ አገሮች፣ ከ261 ሥፍራዎች የሐይቅና የረግረግ ደለል ተወስዶ በውስጡ የተቀበረው የዕፀዋት ብናኝ ተመረመረ። ሰው ካለቀ እርሻው ጠፍ ይሆናል፣ የእህሉ ብናኝ ቀንሶ የቁጥቋጦውና የዛፉ ይበዛል በሚል ስሌት ነው። ውጤቱ ወጥ አልሆነም፤ በስካንዲኔቪያ፣ በፈረንሳይና በመካከለኛው ጣሊያን እርሻው ክፉኛ ሲወድቅ፣ በአየርላንድና በፖላንድ በአመዛኙ ቀጥሏል፤ እንዲያውም የሰፋበት ቦታ አለ። ለመላው አውሮፓ አንድ መቶኛ የሚነግርዎትን ሰው ስለ የትኛው አገር እንደሚናገርና ከየትኛው መዝገብ እንዳገኘው ይጠይቁልኝ። መልሱ ከራሱ ከቁጥሩ ይልቅ ያስተምራል።

ባለ መጽሐፍ

እኔ ከዚህ ትንሽ እለያለሁ። ውይይት ጣፋጭ ነው፤ ዳሩ ግን እንግዳው ግማሽ ሰዓት ተሰጥቶት፣ የሚያውቀውን አሳጥሮና አለስልሶ ነው የሚያቀርበው። ጠያቂውም አድማጭ እንዳይሰለቸው ሬሳ ወደሚወረወርበት ትረካ መሮጡ አይቀርም። የጊዜውን ቅደም ተከተል በወጉ ያልያዘ ሰው የምሁራኑን ክርክር ቢሰማ የሚተርፈው ግርታ ብቻ ነው። በ1346 ጥቁር ባሕር፣ በ1347 ቁስጥንጥንያ፣ እስክንድርያና መሲና፣ በ1348 ካይሮ፣ ፓሪስና ለንደን፤ ይህን በአንድ ገጽ ላይ ከካርታ ጋር ይጻፉ፣ አንድ ጠቅለል ያለ መጽሐፍ ያንብቡ፣ ከዚያ ያዳምጡ።

እማኝ ፈላጊ

ባለ መጽሐፍ፣ ካርታውን እቀበላለሁ፤ ለስላሳ ነው ያሉትን ግን ሁሉንም ውይይት በአንድ ዓይን ማየት ይመስለኛል። አንድ ሰው ብቻውን ተጋብዞ መጽሐፉን የሚያስተዋውቅበት ዝግጅትና ሦስት ምሁራን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚተራረሙበት ዝግጅት አይገናኙም። የቢቢሲ ሬዲዮ 4 «ኢን አወር ታይም» በ1998 ሜልቪን ብራግ ሲጀምረው ጀምሮ የታወቀው በዚህ ሁለተኛው ስልት ነው። አንዱ ምሁር ከመረጃው ትንሽ አልፎ ሲሄድ ሌላው «እሱ እንኳ አከራካሪ ነው» ብሎ ጣልቃ ይገባል። ለጀማሪ አድማጭ ከዚያች ጣልቃ ገብነት የበለጠ መምህር የለም።

የካፋውን ጉዳይ ላንሣ። ትረካው የመጣው ገብርኤሌ ዴ ሙሲ ከተባለ የፒያቼንዛ ውል ጸሐፊ ነው። ሰውየው ጣሊያን ተቀምጦ የሰማውን ጻፈ እንጂ ከበባውን በዓይኑ አላየም። የታሪክ ተመራማሪዋ ሐና ባርከር በ2021 ባሳተመችው ጥናት የቬኒስንና የጄኖዋን ሰነዶች አገላብጣ ሌላ መንገድ አሳይታለች። በ1343 ጣና በተባለችው የንግድ ከተማ (የእኛ ሐይቅ አይደለም፤ ዶን ወንዝ አፍ ላይ ያለች ናት) በአንድ ቬኒሳዊና በአንድ የሞንጎል ሹም መካከል በተነሣ ጠብ ምክንያት ንግዱ ተቋርጦ፣ የጥቁር ባሕር እህል ወደ ጣሊያን መጫኑ ቆሞ ነበር። በ1347 ሰላም ሲወርድ እህሉ ተጫነ፤ በሽታውም ከእህሉ፣ ከአይጡና ከቁንጫው ጋር አብሮ ተጓዘ ትላለች። በእሷ አባባል በሽታውን ያሻገረው ጦርነቱ ሳይሆን ዕርቁ ነው ማለት ነው። ፈገግ ብላ ያለፈችው ምሁር ይህን አስባ ይሆናል፤ ምነው ባብራራችልን።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ግን የኢሲክ ኩል ታሪክ ነው። በዛሬዋ ኪርጊስታን፣ በዚህ ሐይቅ አካባቢ፣ በ1880ዎቹ የተቆፈረ የክርስቲያኖች መቃብር አለ። የመቃብር ድንጋዮቹ በሱርስት፣ ማለትም በጥንቱ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ የተጻፉ ናቸው። የታሪክ ምሁሩ ፊሊፕ ስላቪን ዓመታቸው የታወቀውን 467 ድንጋዮች ሲቆጥር 118ቱ የ1338 እና የ1339 ሆነው አገኛቸው፤ ሌላው ሁሉ ወደ መቶ ዓመት ገደማ የተበተነ ነው። ከነዚህ መካከል አንዱ የሳንማቅ ነው። በሴሌውቅያ አቆጣጠር 1649 (ማለትም 1338)፣ በቱርኮች አቆጣጠር የነብር ዓመት መሆኑን ይናገርና «ይህ የአማኙ የሳንማቅ መቃብር ነው፣ በቸነፈር ሞተ» ይላል። ስላቪን ይህን ይዞ የዘረመል ባለሙያዎችን አገኘ፤ ሴንት ፒተርስበርግ ተቀምጦ ከቆየው አፅም የሰባት ሰዎች ተመረመረ፣ በሦስቱ ውስጥ ባክቴሪያው ተገኘ። ጥናቱ በ2022 ሲወጣ የጥቁር ሞት መነሻው ታወቀ ተብሎ ተነገረ። የታሪክ ተመራማሪዋ ሞኒካ ግሪን ግን በሽታው ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ከሞንጎሎች መስፋፋት ጋር መዛመት ጀምሯል ባይ ናት። እነዚህን ሁለት አቋሞች አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ያዳምጧቸው። አንዱ ሌላውን ዋሽተሃል አይለውም፤ አንዱ የያዘው የመቃብር ድንጋይና አፅም ነው፣ ሌላዋ የባክቴሪያውን የዘር ሐረግና የሞንጎሎችን ዘመን ሰነዶች አስተሳስራ ነው የምትናገረው።

የማታ አድማጭ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተቀዱበትን ዓመት አሁን አየሁ፤ የተጠራጣሪው ምሁር ውይይት እውነትም ከ2011 በፊት የተደረገ ነው። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ በሰማኋቸው ውይይቶች ሁሉ አፍሪካ ሲባል ካይሮና ቱኒስ ላይ ይቆማል። ወደ እኛስ አገር አልደረሰም ነበር? ይህን የሚያነሣ ምሁር አጋጥሟችሁ ያውቃል?

የሰነድ ሰው

ያነሡት አሉ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) ዜና መዋዕል ንጉሡ ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሳለ ታላቅ መቅሠፍት ወርዶ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው ማለቁን፣ እሳቸውም መቅሠፍቱ እንዲርቅ ቤተ ቂርቆስን ማሠራታቸውን ይተርካል። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ማሪ ሎር ዴራ በ2018 ባወጣችው ጥናት ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግእዝ የተጻፉትን እንዲህ ያሉ ምስክርነቶች አሰባስባ፣ ቸነፈር ወደ አፍሪካ ቀንድ መግባቱን በብርቱ ሊጠረጠር የሚገባ ጉዳይ አድርጋዋለች። በሽታው ግብፅን ከ1347 በኋላ ደጋግሞ መትቷታል፤ የ1430ው በተለይ ከባድ ነበር። ጳጳሳችን ከእስክንድርያ ይመጡ እንደነበርና የእኛ መነኮሳትና ነጋዴዎችም በካይሮ በኩል ያልፉ እንደነበር ስናስብ ጥያቄው ከሜዳ የተነሣ አይደለም።

ይሁንና እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዜና መዋዕሉ ብዙ ሰው አለቀ አለ እንጂ በምን በሽታ እንደሆነ በእርግጠኝነት ለመለየት ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም። ፈንጣጣም፣ ተስቦም በአንድ ከተማ ያን ያህል ሊፈጅ ይችላል። ለንደን ላይና ኢሲክ ኩል ላይ ክርክሩን ያራመደው ዘመኑ የታወቀ መቃብርና ከውስጡ የተገኘ አፅም ነው። ስለዚህ የግእዝ ሰነድ የሚያነብ ምሁርና የመሬት ቁፋሮ ባለሙያ አብረው የተጋበዙበት ውይይት ካገኙ ሊንኩን እዚህ ይለጥፉልን፤ እኔም አዳምጠዋለሁ።