ለኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት የትኛው ምድጃ ይሻላል? ኢንዳክሽን፣ ጋዝ ወይስ ባለ ሬዚስታንስ?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቱዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብተናል፤ አራተኛ ፎቅ ነን። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። አንድ መስኮት አለው፤ ከሲንኩ አጠገብ ደግሞ ሁለት ድስት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ቦታ። እስካሁን የምንጠቀመው ከኪራይ ቤት ይዘነው የመጣነውን ባለ ሬዚስታንስ ስቶቭ ነው። አርጅቷል። ደህና ነገር ገዝተን መገላገል ፈልገናል።

መርካቶ ወጥተን ስናይ ግን ግራ ተጋባን። አንዱ ሻጭ «አሁን ሰው የሚገዛው ኢንዳክሽን ነው» ይላል። ሌላው «መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያለ ጋዝ አይሆንም» ይላል። የባለቤቴ ዓይን ያረፈው ደግሞ ጠረጴዛው ተቆርጦ በሚገባው፣ አራት ማብሰያ ባለው ጥቁር መስታወት ላይ ነው።

ስለ ቤታችን ልንገራችሁ። አራት ነን፤ ሁለቱ ልጆች ናቸው፤ ትንሹ ገና ሁሉን ነገር መንካት የሚወድበት ዕድሜ ላይ ነው። እንጀራ ቤት ነው የምጋግረው፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ። ድስቶቼ አብዛኞቹ አልሙኒየም ናቸው፤ ለሽሮ የሸክላ ድስት አለኝ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ቡና በጀበና ይፈላል። መብራት አልፎ አልፎ ይጠፋል። ማታ ማታ ደግሞ ይደክማል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ በዓይን ይታያል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የለገጣፎዋ

እንኳን ለአዲስ ቤት አበቃሽ እህቴ። እኔ የምጠቀመው ኢንዳክሽን ነው፤ ከመስታወቱ ሥር ባለ የማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቀው ማለቴ ነው፤ አልለውጠውም። ውሃ ሲያፈላ ፍጥነቱ ደስ ይላል። ድስቱን ካነሳሽው ራሱ ይጠፋል። መስታወቱ የሚሞቀው ድስቱ ባሞቀው ልክ ብቻ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ከሬዚስታንሱ ይሻላል። ጭስ የለም፣ ጥላሸት የለም።

ግን መጀመሪያ ድስቶችሽን አስቢ። ኢንዳክሽን የሚሠራው ማግኔት በሚስበው ብረት ብቻ ነው። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈውን ማግኔት አንሺና የድስቶችሽ መቀመጫ ላይ አስጠጊው። ጥብቅ ብሎ ከተለጠፈ ይሠራል። ካልተለጠፈ አይሠራም። አልሙኒየሞቹ አይለጠፉም፤ ሸክላውም እንደዚያው። ስቴንለስ ድስት ስትገዢ እንኳ ማግኔቱን ይዘሽ ሂጂ፤ የማይለጠፍ ስቴንለስም አለ። እንግዲህ በምድጃው ዋጋ ላይ የሁለት ጥሩ ድስት ዋጋ ደምሪበት።

ሌላው ቁሌት ነው። ርካሹ ኢንዳክሽን ሙቀቱ መሐል ላይ ይበረታል። ሽንኩርቱን ዘርግተሽ ስታቁላይው መሐሉ ላይ ክብ ሠርቶ ይጠቁራል፤ ዳር ዳሩ ገና ነጭ ነው። መቀመጫው ወፍራም ድስት ከሆነ ይህ ይቀንሳል። እሳቱን ዝቅ ስታደርጊው ደግሞ ብዙዎቹ እየበሩ እየጠፉ ነው የሚሠሩት። ሽሮው ለጥቂት ሰኮንድ ይንተከተካል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይፈነዳል። ስለዚህ ስትገዢ ሱቁ ውስጥ ውሃ አስደርገሽ ዝቅተኛው ቁጥር ላይ አስሠሪውና እዪው። ያለማቋረጥ ለስለስ ብሎ የሚያበስል ካገኘሽ ትንሽ ጨምረሽም ቢሆን እሱን ውሰጂ።

መልስ፦ የሰበታው

እህቴ፣ መብራት ይጠፋል ካልሽ በኋላ ክርክሩ አልቋል። ጋዝ ግዢ። አልሙኒየሙም፣ ስቴንለሱም፣ የቆየው መጥበሻም ይሠራል። እሳቱ በዓይን ስለሚታይ ቁሌት ላይ የሚስተካከለው የለም። እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ራት አይዘገይም።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ልጄ፣ የምድጃውን ዓይነት ከመምረጥሽ በፊት ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ጠይቂ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት በዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ያ ማለት ወደ 16 አምፔር ነው። 2,000 ዋት የሆነ ኢንዳክሽን 9 አምፔር ይጨምራል። ሁለቱን አንድ ላይ ካበራሽ 25 አምፔር ሆነ። ተራ ሶኬት የሚችለው 16 ነው። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ብሬከሩ ይዘላል፤ ብሬከሩ ከዘለለ ጥሩ ነው፣ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። የሚያስፈራኝ ብሬከሩ እንዳይዘል ተብሎ በትልቅ ተቀይሮ ሽቦው ግን ቀጭኑ እንደሆነ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ስለዚህ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የራሱ መስመር ይሳብለት፤ ሽቦው 4 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ምድጃው በሌላ መስመር፣ 2.5 ካሬ በሆነ ሽቦ ላይ ይሰካ። ሁለቱም ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) ይኑራቸው። ዲቫይደር ላይ ምድጃ አይሰካም። የአሁኑን ስቶቭሽን ነቅለሽ የሶኬቱን ቀዳዳ ተመልከቺ። ዙሪያው ቡናማ ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ለስልሶ ከተጣመመ ውስጡ ላልቷል፤ ዛሬውኑ ይቀየር።

ማታ ይደክማል ያልሽውም ቀላል ነገር አይደለም። 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ የሬዚስታንስ ምድጃ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። 2,000 ዋት የነበረው 1,340 አካባቢ ይሆናል። ወጡ ይዘገያል እንጂ ምድጃው አይቆምም። ኢንዳክሽን ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ቮልቴጁ ከወሰኑ ሲወርድ ጩኸት ያሰማና የስህተት ቁጥር አሳይቶ ይቆማል። ስለዚህ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የቮልቴጅ ወሰን አንብቢ፤ ዝቅ ባለ ቮልቴጅም የሚሠራውን ምረጪ።

ጋዙን በተመለከተ የሰበታው ወንድማችን ያላነሳውን ላንሳ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈሰሰ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። መስኮትሽ ከፍ ያለ ስለሆነ ብቻውን አያስወጣውም፤ በረንዳ ያለው በር መከፈት አለበት። ሽታ ከሸተተሽ መብራት አታብሪ፤ የበራውንም አታጥፊ። ቫልቩን ዝጊ፣ በሩን ክፈቺ፣ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ሬጉሌተሩንና የጎማውን ጫፎች በሳሙና አረፋ ቀቢያቸው። አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ቤትሽ አይግባ። ጎማው ላይ ዓመት ተጽፏል፤ ካለፈ ወይም ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ይጣል።

የቱሉ ዲምቱዋ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሶኬቱን አየሁት፤ ልክ እንዳሉት አንዱ ቀዳዳ ቡናማ ሆኗል። ነቅዬዋለሁ፤ ነገ ሰው ይመጣል።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ በወጪ የትኛው ይረክሳል? ሁለተኛ፣ የሸክላ ድስቴንና ጀበናውን ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ የሂሳብ ሠራተኛዋ

ስለ ወጪው እኔ ልመልስ። የዛሬ ዋጋ ብጽፍልሽ ነገ ይለወጣል፤ ስለዚህ ስሌቱን ያዢ።

አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ግማሽ የሚሆነው ወይም ከዚያም በላይ በድስቱ ዳር ወጥቶ ይሄዳል። ኢንዳክሽን ከወሰደው መብራት 85 በመቶ አካባቢውን ድስቱ ውስጥ ያስገባል። ተራው ሬዚስታንስ 70 በመቶ አካባቢ ነው። ሲጠቃለል አንድ ኪሎ ጋዝ የሚያበስለውን ኢንዳክሽን በ6 ወይም በ7 ኪሎዋት ሰዓት ይሠራዋል። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋሽን በ7 አባዢና ከአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ ጋር አስተያዪው።

ስታባዢ የምትወስጂው ዋጋ የመጨረሻውን እርከን ይሁን። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር ተጨማሪው ኪሎዋት ሰዓት ይወደዳል። ምጣድ ስላለሽ ዝቅተኛው እርከን ላይ እንደማትቆሚ ገምቺ። እንደዚያም ሆኖ እኔ ቤት ስሌቱ ለመብራቱ ነው ያደላው። ጋዝ ላይ ደግሞ ሲሊንደሩን አራተኛ ፎቅ የሚያወጣልሽን ሰው ክፍያ አትርሺ። ባዶው ብረት ራሱ ከውስጡ ጋዝ ጋር የሚቀራረብ ክብደት አለው።

እግረ መንገዴን፣ ፕሬዠር ድስት ከሌለሽ ከምድጃው እኩል አስቢበት። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታው 2,300 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ሥጋው ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። ምንም ዓይነት ምድጃ ብትገዢ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ፕሬዠር ድስት ግን ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያወጣው ጊዜውም ወጪውም ይቀንሳል።

መልስ፦ የሱሉልታዋ

ልጄ፣ የሸክላ ድስትሽን እንዳትሰጪ! የሽሮን ነገር ሸክላ ነው የሚያውቀው። ኢንዳክሽን ላይ አይሞቅም፤ ግን አንድ ምድጃ ያለው ትንሽ ባለ ሬዚስታንስ ስቶቭ ለብቻው ያዢለት። ዋጋው ብዙ አይደለም። ቀስ ብለሽ ከዝቅተኛው ጀምሪለት፤ ሸክላ ድንገተኛ ሙቀት አይወድም፣ ይሰነጠቃል።

ኢንፍራሬድ የሚባለውንም ያሳዩሻል። መልኩ እንደ ኢንዳክሽን መስታወት ነው፤ ውስጡ ግን ቀልቶ የሚሞቅ ነው። ማንኛውንም ድስት ይቀበላል፤ አልሙኒየሞችሽንም። እኔ ቤት የሚሠራው እሱ ነው፤ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ካጠፋሽው በኋላ ለረጅም ጊዜ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ቀይ መብራቱ ስለጠፋ የበረደ ይመስላል። ለትንሹ ልጅሽ ስል ነው የምነግርሽ።

ጀበናውን መቀመጫው ዝርግ ከሆነ ሬዚስታንሱ ላይ ማፍላት ይቻላል። ክብ ከሆነ ይንጋደዳል፤ እሱ ከሰል ይፈልጋል። ከሰሉን ግን በረንዳ ላይ አድርጉት። የከሰል ጭስ ባይታይም ጋዙ አለ፤ አይሸትም፣ ሳያስታውቅ ይገድላል። በተዘጋ ወጥ ቤት ወይም በተዘጋ ሳሎን ቡና አታፍሉ። ውጭ ብርድ ነው ተብሎ ፍሙ ወደ ቤት አይግባ፤ አደራሽን!

የቱሉ ዲምቱዋ

እትዬ አመሰግናለሁ፤ ለእናቴ አነብላታለሁ። ባለቤቴ ግን የመስታወቱን ነገር አልተወም። አራት ማብሰያ ያለው ኢንዳክሽን ቢሆንስ እያለ ነው።

መልስ፦ የለገጣፎዋ

ጠረጴዛውን አታስቆርጪ። ተቆርጦ የገባ ምድጃ ሲበላሽ ልክ የዚያን መጠን የሆነ ሌላ ፍለጋ መዞር አለ። ደግሞ ሁለት ድስት በሚያስቀምጥ ቦታ ላይ አራት ማብሰያ ምን ይሠራልሻል? ሽንኩርቱን የት ትከትፊዋለሽ? ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ሲያስፈልግ ይነሳል።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

አራት ማብሰያ ያለው ኢንዳክሽን ሁሉም ሲበራ እስከ 7,000 ዋት ይደርሳል። 32 አምፔር ገደማ ማለት ነው፣ ምጣዱ ሳይቆጠር። ለእሱ ብቻ 6 ካሬ ሽቦ መሳብ አለበት። ወደ ቤትሽ የሚገባው ዋናው መስመርና ቆጣሪው ይችለው እንደሆነም መጠየቅ አለበት። ለባለቤትሽ ይህን አሳዪው፤ ይረዳሻል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ለዕለት ሥራ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አንድ ኢንዳክሽን፣ ከወፍራም ድስት ጋር። ለሸክላው ትንሿ ሬዚስታንስ። መብራት ለሚጠፋበት ቀን በረንዳ ላይ የሚቆም ትንሽ ሲሊንደር፣ ማብሰያው ከላዩ የተገጠመ። ትንሽ ስለሆነ ፎቅ ለማውጣትም አይከብድም። ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አይተኛ። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። ማታ ቫልቩ ይዘጋ።

ቤት ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ካለ ወይም እንግዳ ሆኖ ከመጣ፣ ኢንዳክሽኑ ሲበራ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ሐኪሙንም ይጠይቅ።

የቱሉ ዲምቱዋ

ባለቤቴ አንብቦ ተስማማ። ኢንዳክሽንና ትንሽ ሲሊንደር እንገዛለን። የድሮው ስቶቭ ሬዚስታንሱና ገመዱ ይቀየርና ለሸክላው ይሆናል። ሽቦው ግን ይቅደም ብለናል። ጋሼ፣ ሠራተኛው ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ምን ላስፈትሽ?

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ኧርዙን በመሣሪያ ለክቶ ያሳይሽ፤ «አለ» ብሎ በአፉ ብቻ አይንገርሽ። ብሬከሮቹ ላይ የትኛው የምጣድ፣ የትኛው የምድጃ እንደሆነ ይጻፍባቸው። ከዚያ ምጣዱንና ስቶቩን አንድ ላይ አብሪና ግማሽ ሰዓት አቆዪያቸው። አጥፍታችሁ ሶኬቶቹን ስትነቅሉ የሶኪያቸው እግር በእጅ የማይያዝ ትኩስ ከሆነ ሥራው አላለቀም፤ ሒሳቡን አትክፈይ።