ናርኮሌፕሲ በአንጎል ውስጥ ከምን ይመነጫል?

ጥያቄ (ከታላቅ ወንድም)

ጤና ይስጥልኝ። የ17 ዓመት እህቴን ከሁለት ዓመት ወዲህ በክፍል ውስጥም ሆነ ገበታ ላይ ድንገት እንቅልፍ ይጥላታል። ከልቧ ስትስቅ ደግሞ ጉልበቷ ይከዳትና፣ የምንናገረውን ሁሉ እየሰማች፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መነሣት ያቅታታል። መጀመሪያ ስንፍና ነው አልን፤ ቀጥሎ ጸበል አስጠመቅናት፤ ከዚያም የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላት። አሁን አንድ የነርቭ ሐኪም ናርኮሌፕሲ ነው ብለውናል። ሰነፍ ብዬ ስቆጣት የኖርኩት እኔ ስለሆንኩ ነገሩን በሚገባ መረዳት እፈልጋለሁ። አንጎሏ ውስጥ የጎደለው ምንድን ነው? ሳቅንስ ከእንቅልፍ ጋር ምን አገናኘው? ለታናናሾቿስ ያሰጋል?

መልስ (ከሕክምና ተማሪ)

በሳቅ ጊዜ የሚመጣው የጉልበት መክዳት ካታፕሌክሲ ይባላል፤ የዓይነት አንድ ናርኮሌፕሲ ዋና መለያም እርሱ ነው። መነሻው ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ሃይፖክሬቲን፣ በሌላ ስሙ ኦሬክሲን፣ የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩት የነርቭ ሴሎች መጥፋታቸው ነው። በቢሊዮኖች ከሚቆጠሩት የአንጎል ሴሎች መካከል እነዚህ በአሥር ሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው። ኬሚካሉን ሁለት የምርምር ቡድኖች በ1998 እ.ኤ.አ. አገኙት፤ በዓመቱ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢማኑኤል ሚኞ ቡድን፣ ሕመሙን በዘር የሚወርሱ የዶበርማን ውሾች የሃይፖክሬቲን ተቀባይ ዘረመላቸው የተበላሸ መሆኑን አሳየ። በ2000 ደግሞ በናርኮሌፕሲ ታመው የኖሩ ሰዎች አንጎል ከሞቱ በኋላ ሲመረመር፣ ከእነዚህ ሴሎች ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጠፍተው ተገኙ።

ወደ ሳቁ ስመለስ፣ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያዝላቸዋል፤ ባያዝላቸው ኖሮ ሕልማችንን በእጅና በእግራችን እንፈጽመው ነበር። ሃይፖክሬቲን ይህ ሥርዓት በንቃት ሰዓት እንዳይነሣ ይጠብቃል። ጠባቂው ሲጠፋ፣ ስሜትን የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች በሳቅ ሲቀሰቀሱ ያንኑ መዛል ያስነሣሉ። እህትዎ ወድቃ ሳለ የምትሰማው ለዚህ ነው፤ አእምሮዋ ነቅቶ ጡንቻዋ ብቻ ተኝቷል።

መልስ (ከላቦራቶሪ ባለሙያ)

ሴሎቹ ለምን እንደሚሞቱ ልጨምር። ከፍተኛው ጥርጣሬ ያረፈው የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ ላይ ነው፤ ማለትም የገዛ ሰውነቱን ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠፋል። በዓይነት አንድ ከታመሙት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኤችኤልኤ-ዲኪውቢ1*06፡02 የተባለውን ዘረመል ይይዛሉ። ሆኖም በአውሮፓ ከጤነኛው ሕዝብ ሩብ ያህሉም ይኸው አለው፤ ስለዚህ ዘረመሉ መንገዱን ይከፍታል እንጂ ብቻውን አያሳምምም። ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንዱ ቢታመም እንኳ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። የታናናሾቿ ስጋት ከሌላው ሰው ቢበልጥም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ገደማ ነው።

ቀስቃሹ ከውጭ ሊመጣ እንደሚችል ያሳየው የ2009 የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። ከወረርሽኙ በኋላ በቻይና አዳዲስ ሕሙማን በረከቱ፤ በፊንላንድና በስዊድን ደግሞ ለዚሁ ኢንፍሉዌንዛ የተሠራውን ፓንደምሪክስ የተባለ ክትባት በወሰዱ ልጆች ዘንድ ቁጥሩ ጨመረ። ይህ የዚያ አንድ ክትባት ጉዳይ ነውና ሌሎች ክትባቶችን እንዳያስፈራ አደራ እላለሁ። በ2018 የታተመ ጥናት በሕሙማን ደም ውስጥ ሃይፖክሬቲንን ለይተው የሚያውቁ፣ ቲ-ሴሎች የተባሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎችን አግኝቷል። ካታፕሌክሲ የሌለበት ዓይነት ሁለት ግን መንስኤው ገና አልተፈታም።

መልስ (ከሕመሙ ጋር የሚኖር)

ለእኔ ምርመራው የተረጋገጠው ከጀርባዬ በተቀዳ የአከርካሪ ፈሳሽ ነው፤ ሃይፖክሬቲን በሚሊ ሊትር ከ110 ፒኮግራም በታች ከሆነ ዓይነት አንድ ናርኮሌፕሲ መሆኑ ይረጋገጣል። ወንድሜ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሕመሙ እንቅልፍን አያበዛም፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን ድንበር ያፈርሳል እንጂ። ቀን የሚያሸልበን ሰዎች ሌሊት ደጋግመን እንነቃለን፤ ስለዚህ ማታ ነቅታ ብታገኟት «ቀን ስለተኛሽ ነው» ብላችሁ አትውቀሷት። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱንም ሐኪሟ ሳያዝዝ በድንገት አታቋርጡባት።