የበርኪት ሊምፎማ ማረጋገጫ ምርመራ የት ይሠራል?

ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱን። የ7 ዓመቱ የእህቴ ልጅ መንጋጋው አበጠ። የጥርስ ነው ተብሎ ጥርሱ ተነቀለ፤ እብጠቱ ግን ባሰበት። ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት «በርኪት ሊምፎማ ሳይሆን አይቀርም» ይላል፤ በፍጥነት የሚያድግ የሊምፍ ካንሰር ነው። ለማረጋገጥ ኬአይ-67 (ሴሎቹ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚባዙ የሚያሳይ) እና ሲ-ሚክ (በዚህ ስም የሚጠራውን ጂን የሚያይ) የሚባሉ ምርመራዎች ታዘዙ፤ ናሙናው በታየበት ቦታ ግን አይሠሩም። አዲስ አበባ ውስጥ የት ይሠራሉ? ወይስ ናሙናው ውጭ አገር ይላካል?

የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ይህ ካንሰር በአንድ ሁለት ቀን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ኬሞ በቶሎ ከተጀመረ ብዙ ልጆች ይድናሉ፤ ተስፋችን እሱ ነው።

የማረጋገጫው ውጤት ሳይመጣ ኬሞ የተጀመረለት ልጅ ያላችሁ አላችሁ? ሌላም አለ። ኬሞ ሲጀመር ዕጢው በፍጥነት ሲሟሟ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ቀድሞ ፈሳሽና አሎፑሪኖል (ዩሪክ አሲድ እንዳይበዛ የሚያደርግ መድኃኒት) ያስፈልጋል ተብለናል። ፖታሲየምና ዩሪክ አሲድ በየቀኑ የሚለካበት የልጆች ካንሰር ክፍል የምታውቁ፣ ዛሬውኑ ጻፉልኝ።